ኅዳግ ላይ

በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የዶፊን ጕዞዬ፤
ሜትሬ በኪሴ፣ ቅጹ በጕያዬ።
አርባ ጥያቄ አለው፤ ዳዊት እንደሚደግም
ገጹን ሳልገልጥ እወጣዋለሁ፣ አልሳሳትም አንድም።

ሐምሌ ነው። የማኒቶባ ሐምሌ ጭቃ አያውቅም፤
ሙቀቱ ይጋግራል፣ ትንኙ አይለቅም፤
ከመናፈሻው ባሻገር ካኖላው አብቦ
ሰማይ ድረስ ሄዷል፣ ቢጫ ተደራርቦ።

የአጥሩ ቁመት? ደንቡን ያሟላል።
የገንዳው ጥልቀት? ያሟላል።
ጥላ? ያሟላል። ምግብ፣ ክትባት፣ የቁልፉ ዝገት?
ያሟላል፣ ያሟላል፣ ዝገት የለበት።

እኔ ስጽፍ ድቧ በጀርባዬ በኩል
ዘጠኝ እርምጃ ሄዳ አንገቷን ጣል፣
ዘጠኝ ተመልሳ አንገቷን ጣል።
መዳፏ የረገጠው ሲሚንቶ ጎድጕዶ
ጧት የታጠበበት ውሃ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣
እዚያ ብቻ ቀርቷል፣ እንደ ቀጭን ወንዝ ወርዶ።

«ሩቢ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመቷ።
የከተማው ልጅ ሁሉ ፎቶ አለው ከፊቷ፤
የትናንቱ ሕፃን ዛሬ ልጁን ተሸክሞ
«ያቺው ናት!» ይለዋል፣ ደስ ብሎት፣ ተገርሞ።
እውነቱን ነው። ያቺው ናት። እዚያው ናት።

ቅጹ ውስጥ ድብ አለ። ድብርት ግን የለም፤
ለዘጠኙ እርምጃ ሣጥን አልተሣለም።

ኦሪሲያ ጠባቂዋ፣ ስልሳን የዘለለች፣
የሄድኩ መስሏት ኖሯል፣ በጓሮ በር ገባች።
ሌሊቱን በባልዲ ያረጋችው በረዶ፣
የዓሣ ራስ በውስጡ፣ እንጆሪ ተጨምሮ፣
ከአጥሩ በላይ አሻግራ ለቀቀችው፤
«ድብ!» አለ ሲወድቅ።

ስምንተኛው እርምጃ ላይ ነበረች።
ዘጠነኛውን አልረገጠችም።

ላሰችው፣ ገፋችው፣ ተቀመጠችበት፣
አኩርፋ ተወችው፣ ዞራ መጣችበት፤
አቅፋው በጀርባዋ ተንጋለለች ደግሞ፣
ሆዷ እስኪርስ ድረስ፣ አፍንጫዋ ታሞ
እንደከረመ ሕፃን ውሃ እየጠባ።
ሰዓቴን አየሁት፦ አርባ አንድ ደቂቃ
እግሯ መንገዷን ረሳ።

ቅጹስ? ቅጹማ ቁጥር ሠላሳ ሦስት ላይ ይላል፦
«ያልተፈቀደ ባዕድ ነገር ግቢው ውስጥ ተገኝቷል?»
በዚያ ሁሉ ያሟላል መሐል፣ በዚያ ሁሉ ደኅና፣
የተገኘው ጥፋት ይኸው አንዱ ሆነና።

ኦሪሲያ አየችኝ። ባልዲ አይደበቅም።
«ጻፈው» አለችኝ፤ «ሁለቴ ጽፈውብኛል፣
ሦስተኛው ያባርራል፣ ሳላውቀው አይደለም።
በረዶው ግን ዛሬ ማታም ይረጋል።»

አለቃዬ ፍሪዘን ምክሩ አንድ ነበር፦
«ብዕርህ አይውጣ ከሣጥኑ ድንበር።»
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሺ ብዬው ኖሬ፣
አርባ እርምጃ ሄጄ ፊርማ ጣል፣
አርባ ተመልሼ ፊርማ ጣል፣
ይታወቀኝ ጀመር የግንቡ ጫፍ ዛሬ።

ጥፋቱን ጻፍኩት። ውሸት አልጽፍም።
ኅዳጉ ላይ ግን፣ ማንም በማያነበው
በዚያች ጠባብ ነጭ፣ በደቃቁ ሞላሁ፦
«ጥፋቱ በቆየበት አርባ አንድ ደቂቃ
እንስሳዋ አልተመላለሰችም።
ይኸው ጥፋት በየዕለቱ እንዲደገም
አሳስባለሁ።»

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ስልኬ ጠራ፤ እሷ ናት።
«ከከተማው ምክር ቤት አንድ ፖስታ መጣልኝ፣
ሁለት ደብዳቤ አለው፣ በአንድ ቀን የተጻፈ።
አንዱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።
ሌላው የበረዶ ማርጊያ መግዣ ፈቃድ ነው፣
ትልቁን፣ ባለ ሁለት በሩን።
ግቢውን ማስፋቱ ለከርሞ በጀት ተላልፏል፣
ከርሞ ደግሞ ለከርሞ ይላሉ፣ አውቃቸዋለሁ።
እስቲ አንተ ንገረኝ፣
ግድግዳዬ ላይ የቱን ልስቀለው?»

መልስ ስፈልግላት
ከድምፅዋ ወዲያ፣ ራቅ ብሎ፣
ድብ! አለ አንድ ነገር።
ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን።
እርምጃ አልተሰማም።